ከጎንህ ነኝ

ሲያትል፣ መስከረም 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም ቢልቂስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ባሕር የሚሻገር ሰላምታ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የእኔ ሙቀቱ ሳይለቀው እንዲደርስሽ አሏህን እለምናለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጃችን ሂሻምስ? ተማሪዎችሽስ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ሲታክ ኤርፖርት ፓርኪንግ ነው። የመስታወት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትኬት እቀበላለሁ፣ ማገጃውን አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ከሺፍት ስወጣ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ኖርዝጌት አጠገብ ወዳለ ኮሌጅ እሄዳለሁ፤ ክላስ ጀምሬአለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከመርሳ በዲቪ ሎተሪ የመጣ አብዮት የሚባል ልጅ አለ፤ አባቱን ታውቂያቸዋለሽ። ባለፈው ሰሞን ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ሻይ ቤት ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ሻይ እየጠጣን፣ «አስታራቂዎቹ አባጋሮች እትዬ ቢልቂስ ቤት እየተመላለሱ ነው፤ የወንድምህን ደም ሊያደርቁት ነው አሉ» አለኝ። ሻይዬን አስቀመጥኩ። የገዛ ቤቴን ነገር ከሰው አፍ ሰማሁ።

እታለም፣ ዓብዱልፈታህ ላንቺ ባልሽ ነበር፤ ለእኔ ግን ወንድምም አባትም ነበር። አንቺም ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ መጀመሪያ ያጎረስሽው ልጅ እኔ ነኝ። በገዛ የውሃ ተራው፣ ቦዩን ሊከፍት ጎንበስ ባለበት፣ ጎረቤታችን ከማል በአካፋ ጭንቅላቱን መትቶ ሲገድለው የጠየቀ ወንድ አልተገኘም። መንግሥት ከማልን ደሴ ወህኒ ቤት አስገብቼዋለሁ ይላል። እሱ እዚያ በልቶ ያድራል፤ ታላቅ ወንድሙ በእኛ ቦይ ሽንኩርት ያጠጣል። ይሄ ፍርድ ነው? ወንድሜ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም።

ክላስ የምናነበው መጽሐፍ የጥንት ግሪኮች የጦርነት ታሪክ ነው፤ በግጥም የተጻፈ። ብዙ አማልክት አሏቸው። አስተግፊሩላህ፣ ጣዖት መሆናቸው ይታወቃል፤ ግን ስሚኝ። አንድ ሽማግሌ ልጁን ማርከው ወሰዱበት። ሄዶ የጦሩን አለቃ ለመነ፤ አለቃው አዋርዶ አባረረው። ሽማግሌው ለብቻው ባሕሩ ዳር እየሄደ አምላኩን ጠራ። አምላኩም ቀስቱን ትከሻው ላይ እያንኳኳ ከተራራው ወረደ፤ በጦር ሰፈሩ ላይ በሽታ ለቀቀ፤ ሬሳ የሚያቃጥሉበት እሳት ሌት ተቀን አልጠፋ አለ። ለአንድ ሽማግሌ እንባ ሲል። ይህን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ለእኛ እንባስ ማን ይውረድ?

አደራሽን፣ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ዋርካው ሥር ለዕርቅ እንዳትቀመጪ።

ወንድምሽ ዓብዱልባሲጥ


መርሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓብዱልባሲጥ፣

ወዓለይኩም ሰላም። በሰው አገር ያለ ሰው ጠባቂው አሏህ ነው፤ እሱ ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ዕረፍት ሰዓት ላይ አነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ ያስተማርኩትን አላስታውስም።

አብዮት የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። የከማል እናትም ድንጋይ ተሸክማ፣ በባዶ እግሯ መጥታ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ውሃ አልሰጠኋትም። ጎረቤት «ነውር ነው» ሲለኝ «ነውሩ የእኔ ይሁን» አልኩ። ሊያደርቁት ነው ያለህ ግን ዋሽቶሃል፤ እስከ ዛሬ እሺ አላልኩም። የወንድምህን ደም የረሳሁ እንዳይመስልህ። አካፋ የተሸከመ ሰው ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ያቺ ሴትዮ ከቦዩ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ከጀርባዋ ላይ መስበር ያምረኛል። እጄን በነጠላዬ እጠቀልለዋለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ሂሻም ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥቡ ሳይመጣለት ቀረ። መሳቅ ትቷል። አባቱ የወደቀበት ቦይ አፋፍ ላይ ሄዶ ይቀመጣል፤ ስጠራው እንደ እንግዳ ሰው ያየኛል። የሎተሪው ማመልከቻ የሚሞላበት ጊዜ አሁን ነው ይላሉ። ወንድሜ፣ ስሙን ሙላለት። ፎቶግራፉን እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ልጄን ከዚህ አውጣልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

የመጽሐፍህን ነገር ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንደ ተረት ነገርኳቸው። ኢክራ የምትባል አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ሽማግሌውን ያዋረደው አለቃው ነው፤ በበሽታው የሞቱት ግን ወታደሮቹ ናቸው። ለምን?» አለችኝ። አስተማሪህ መልስ ካላቸው ጻፍልኝ።

እህትህ ቢልቂስ


ሲያትል፣ ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእታለም ቢልቂስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአሏህ ራህመት ቤትሽን አይለየው።

ውሃ አለመስጠትሽን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። በማግስቱ ዋይት ሴንተር ሄጄ ለሁሉም ነገርኳቸው። አንድ ትልቅ ሰው «ሲያትል የገባ ሰው ደም አያስታውስም» ብለውኝ ነበር። አሁን ስገባ ወንበር ያስጠጉልኛል።

የሎተሪውን ፎርም ከአብዮት ተቀብያለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የሂሻም ፎቶግራፍም እላዩ ላይ። ጊዜው ነገ ያልቃል። አልሞላሁትም። ላንቺ መደበቅ ስለማልፈልግ ነው የምጽፍልሽ። ልጁ ወደዚህ ከመጣ እኛ ቤት ማን ወንድ ይቀራል? እኔ እዚህ፣ እሱ እዚህ፤ የከማል ወገን ይሥቅብናል። መጀመሪያ የአባቱ ነገር ይለቅ። ከዚያ በኋላ ኢንሻአላህ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። እንደ አባት አለሁለት።

የኢክራን ጥያቄ አስተማሪዋን ጠየቅኋት። «አማልክቱ ዳኞች አይደሉም» አለችኝ። «የሚወዱትን ይወዳሉ፤ ለወደዱት ይቆማሉ፤ የቀረው ሰው ምን ሆነ ብለው አይጨነቁም።» ኦኬ፣ ይሄ ለእኛ እምነት አይሆንም። ግን ደስ የሚል ነገር አለው። አንዱ ጀግና ያንኑ የጦሩን አለቃ ሊገድል ሰይፉን ሲመዝ አንዲት አምላክ ከኋላው መጥታ ፀጉሩን ያዘችው። ከእሱ በቀር ያያት የለም። «አሁን አይሆንም፤ ታገሥ፤ ሦስት እጥፍ ይከፈልሃል» አለችው። ታየሻል፣ ከበቀሉ አላስቀረችውም፤ ጊዜውን ነው የመረጠችለት። ሌላው ደግሞ የጦርነቱ አምላክ ራሱ ነው። ጦር ሜዳ ገብቶ ሰው በጦር ወጋው፤ እያለቀሰ ወደ ላይ ወጣ። መድኃኒት ቀቡት፣ አጠቡት፣ አዲስ ልብስ አለበሱት፣ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። ክላሱ ሁሉ ሣቀ።

አይዞሽ። እሺ እንዳትያቸው ብቻ።

ዓብዱልባሲጥ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለዓብዱልባሲጥ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ረመዳን ነው፤ ጾመኛ ሆኜ እንዳልሳደብ ብዬ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስተው ከረምኩ።

ልጄን እንደ አጥር እንጨት እዚሁ ተክለኸው አንተ ከዚያ ሆነህ አጥሩ አይውደቅ ትላለህ። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፊቱን እያየህ ነው ፎርሙን የተውከው?

በቀል አልፈልግም አላልኩህም። እንደውም በየቀኑ እየተበቀልኩ ነው። እኔ እሺ እስካላልኩ ድረስ የእነሱን ሴት ልጅ የሚጠይቅ የለም። ገበያ ሲወጡ በእኛ ደጅ ማለፍ ስለማይችሉ ወንዙን ዞረው ይሄዳሉ። ለቅሶ ላይ ሰው ከእነሱ ጋር አይቀመጥም። ወንድምየው ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል አየኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ይህ የእኔ በቀል ነው። ቀስ ብሎ ይበላቸዋል፤ ማንንም ግን አይቀብርም። ይኸው ይበቃኛል። ከዚህ በላይ ያለውን እኔ አልጠየቅሁህም፤ አንተም ለእኔ ብለህ አትጨምርበት።

አሁን በቀጥታ መልስልኝ። ባለሱቁ ወንዳፍራሽ ጋ በሂሻም ስም የአሜሪካ ፖስታ ይመጣል አሉኝ። ባለፈው አንዱን እያነበበ ደረስኩበት፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አጎቴ ነው፤ ሰላም ብሎኝ ነው» አለኝ። ሰላምታ የሚደበቅ ነገር ነው? ምን እየጻፍክለት ነው?

የተወጋው አምላክህ በዚያው ቀን ድኖ ማዕድ ቀረበ አልከኝ። እናንተ ክላስ ውስጥ ብትሥቁ አይገርመኝም። እዚህ የተወጋ ሰው ለማዕድ አይደርስም።

ቢልቂስ


ሲያትል፣ መጋቢት 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእታለም ቢልቂስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ዳብል ሺፍት እየሠራሁ ነው። ዝናቡ አያቆምም፤ እንደ እኛ አገር ወርዶ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ዓረፋ እየደረሰ ነው፤ አሏህ በሰላም ያድርሳችሁ።

ለሂሻም የጻፍኩት ምክር ነው። አባት የሌለው ልጅ የአጎት ምክር ያስፈልገዋል። ሌላ ነገር አታስቢ። ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ጃኬት ልኬለታለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ኪሱ ከውስጥ ነው። ጥቂት ገንዘብም አለበት፤ ለሚያስፈልገው ያውለው።

ክላሱ ወደ ማለቂያው ደርሷል። ያለፈው ሳምንት ያነበብነው አስደነቀኝ። ሁለቱ ትልልቅ ጀግኖች ሊገጥሙ ነው። አንደኛው ፈርቶ በከተማው ግንብ ዙሪያ ይሮጣል፤ ሌላው ያባርረዋል። በዚህ ጊዜ ያቺ ጥበበኛ አምላክ የሚሮጠውን ሰውዬ ወንድም መስላ መጣች። መልኩን፣ ድምፁን ሁሉ ይዛ። «ወንድሜ፣ አትሩጥ፤ ቁም፤ ከጎንህ ነኝ» አለችው። ሰውዬው ልቡ ሞላ፤ ቆመ። ጦሩን ወርውሮ ሲስት ሌላ እንዲያቀብለው ወንድሙን ጠራ፤ ዘወር ቢል ማንም የለም። አማልክቱ እንደጨረሱት ያኔ ገባው። እንዴት ያለ ዘዴ ነው። አስተማሪዋ «ጭካኔ ነው» አለች፤ እኔ ግን ብልጠት ነው አልኩ። በጦርነት ሁሉም ነገር ይፈቀዳል።

ከሽማግሌዎቹ ራቂ።

ዓብዱልባሲጥ


መርሳ፣ ሰኔ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ዓብዱልባሲጥ፣

ሰላምታ የለኝም። ሂሻም ሞተ። እንዴት እንደሞተ ማወቅ የሚገባህ አንተ ስለሆንክ እጽፍልሃለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ነበር። ቁርሱን በልቶ የላክህለትን ጃኬት ለበሰ። «በዚህ ሙቀት?» አልኩት። «ይመቸኛል» አለኝ። ከውስጥ ኪሱ ሽጉጥ ነበረበት። በላክህለት ገንዘብ ወንዳፍራሽ ነው ያስገዛው፤ አሁን ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል።

ቦዩ ድልድይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የከማል ወንድም ሽንኩርት የጫነ አህያ እየነዳ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። ሂሻም «የአባቴ ደም» ብሎ ተኮሰ። ትከሻውን ነው ያገኘው። እንደገና ሲስበው ሽጉጡ አልሠራም። ሰውዬው ልጁን ሥሩ አድርጎ ተኛ። ከኋላ የሚመጣ የአጎታቸው ልጅ ክላሽ ይዞ ነበር። ሂሻምን ሆዱ ላይ መታው።

በአይሱዙ ጭነን ወደ ወልዲያ ይዘነው ሄድን። መንገዱ ወታደር በጫኑ መኪናዎች ተሞልቷል፤ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። እነሱ እስኪያልፉ ዳር ይዘን ቆምን። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ የሚያልፉትን ልጆች ፊት እያየሁ ነበር፤ ሁሉም የእሱ እኩዮች ናቸው።

«እማ» አለኝ። «አጎቴ ‹ስትተኩስ ከጎንህ ነኝ› ብሎ ጽፎልኝ ነበር።»

ምን ልበለው? «አለ ልጄ፣ እዚሁ ከጎንህ አለ» አልኩት። ለአንተ የዋሸሁልህ የመጨረሻው ውሸት ይኸው ነው።

ወልዲያ አልደረሰም።

ቢልቂስ


ሲያትል፣ ሐምሌ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

እታለም፣

ኢናሊላሂ ወኢናኢለይሂ ራጂዑን። ደብዳቤሽን ዳሱ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ መኪናዎቹ ተሰልፈው ጡሩምባ ይነፋሉ፣ እጄ ማገጃውን ማንሳት አቃተው። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ወደ ቤቴ ላከኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልቀመስኩም ብል ታምኚኛለሽ?

ግን የተጻፈ ነው እታለም። አሏህ ከጻፈው ማን ያመልጣል? በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሰማዩ ንጉሥ እንኳ የገዛ ልጁ ጦር ሜዳ ላይ ሊሞት መሆኑን እያየ ሊያድነው አልቻለም። መሬቱ ላይ የደም ዝናብ አዘነበለት፤ ከዚያ በላይ አላደረገም። የጦሩ አለቃም በመጨረሻ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ተነሥቶ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ አማልክት ልቤን ሰወሩት» አለ። ለተበደለው ሰው ካሳ ከፈለና ጉዳዩ አለቀ። እኔንም ልቤን የሰወረው ሰይጣን ነው። ክፉ አስቤ አልነበረም።

አሁን ግን ዝም ማለት አይቻልም። አንድ የነበረው ደም ሁለት ሆነ። የተኮሰው የአጎታቸው ልጅ ሚሊሻ ነው አሉ፤ ስሙን አግኝቻለሁ። ከእኛ ወገን ሐብሩ ቆላ ያለ አንድ ሰው አነጋግሬአለሁ፤ እሱ እንደ ሂሻም ልጅ አይደለም፣ ዒላማ አይስትም። እሺ በይኝ ብቻ። ለሂሻም ስል እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ።

ዓብዱልባሲጥ


መርሳ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሲያትሉ ሰው፣

ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት ሽማግሌዎቹን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። ዋርካው ሥር ተቀመጥን። የከማል እናት ነበረች። ወንድሙም ትከሻው እንደታሰረ መጣ። የተኮሰውም መጣ፤ ከሩቅ ተቀመጠ። ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቢልቂስ፣ ሁለት ደም አለሽ» አሉ። «የባልሽ ደም በከማል ላይ ነው። የልጅሽ ደም በማን ላይ ነው?»

«ሲያትል ባለው ሰው ላይ ነው» አልኩ።

ጫት ይዘው የነበሩት ሽማግሌዎች እጃቸው ቆመ። ሸህ ይማም መልሰው «እሱ የገዛ ቤትሽ ነው፣ የልጁ አጎት ነው። ጥይቱ የወጣው ከሌላ ሰው ጠመንጃ ነው» አሉኝ።

«ከማን ጠመንጃ እንደወጣ አውቃለሁ፤ ልጁ ሰው ሊገድል ሄዶ ነው የተገደለው። ድልድዩ ላይ ያቆመው ማነው? እሱን ነው የምጠይቀው።»

ለሂሻም የጻፍክለትን፣ ከጃኬቱ ኪስ ያገኘሁትን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለልጆች ጮክ ብዬ ሳነብ የኖርኩ ነኝ። «እናትህ ሴት ናት፣ ታለቅሳለች፤ አትስማት» ያልከውን አነበብኩ። «አባትህ በመቃብሩ ውስጥ ያፍርብሃል» ያልከውን አነበብኩ። «ስትተኩስ ከጎንህ ነኝ» ያልከውን ሳነብ የከማል እናት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወንድምየው «ልጁ እየተኮሰ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር» አለ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተመካከሩ። የራስ ወገን በራስ ወገን ላይ ደመኛ ሲሆን አይተው አያውቁም። መጨረሻ ላይ ሸህ ይማም «ደሙ በእሱ ላይ ነው» ብለው ፈረዱ። በግ ታረደ፣ እጃችንን ታጠብን። የከማል እናት ከእኔ ቤት ውሃ ጠጣች።

ታረቀች ብለህ ትናደድ ይሆናል። አዎ ታርቄአለሁ። ለምን ይመስልሃል? ልቤ ስለራራ አይደለም። በቀሌን ሁለት ቦታ መክፈል ስላልፈለግኩ ነው፤ ሙሉውን ለአንተ አስቀመጥኩት።

ፍርዱን ስማ። ስምህ በዱዓ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ አይነሣም። ከወገንህ ቤቱን የሚከፍትልህ፣ መልእክትህን የሚቀበልህ የለም። የሐብሩው ሰውህም ዋርካው ሥር ተጠርቶ መጥቶ ሰው እንደማይነካ ቁርአን ይዞ ምሏል። ለአብዮት አባት ነግረናቸዋል፤ እሳቸው ለልጃቸው ይነግሩታል፤ እዚያ ያሉትም ይሰማሉ። አባትህ መቃብር አጠገብ ለአንተ የተተወውን ቦታ ታስታውሳለህ፤ ሂሻምን እዚያ ነው የቀበርኩት። አንተ ቦታ የለህም።

የጦሩ አለቃ «አማልክት ናቸው» ብሎ አመካኘ አልከኝ። እሱ እያመካኘም ቢሆን ካሳውን ከፍሏል፤ ራስህ ነህ የጻፍከው። የሰማዩም ንጉሥ የደም ዝናብ አዘነበ እንጂ ወርዶ ልጁን አላነሣም። እኔ ልጄን አንሥቻለሁ። ስንት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።

ቢልቂስ


ሲያትል፣ መስከረም 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእታለም ቢልቂስ፣

እታለም ማለት ከተከለከልኩ ይቅርታ፤ ሌላ መጠሪያ አላውቅም።

ሰምተዋል። ዋይት ሴንተር ሻይ ቤት ስገባ ማንም ወንበር አላስጠጋልኝም። ያ «ሲያትል የገባ ሰው ደም አያስታውስም» ያሉኝ ሰውዬ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ አብዮት ዳር ይዞኝ ወጣና «አባቴ ኮል አድርጎ ነበር። ካንተ ጋር ማዕድ እንዳልቆርስ አዞኛል። አትቀየመኝ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። በሲታክ መንገድ ላይ በእግሬ እየሄድኩ ማን እንደቀረኝ ሳስብ የመጣልኝ ስም ያንቺ ብቻ ነው።

ሰይጣን ልቤን ሰወረው ያልኩትን ተዪው። ማንም አልሰወረውም። ሰዎቹ እንዲያከብሩኝ ፈልጌ ነው። ከመስታወት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማገጃ የማነሣ ሰው፣ እዚያ በእኔ ቃል ሰው ሲንቀሳቀስ ትልቅ የሆንኩ መሰለኝ። ሂሻም ደብዳቤ በጻፈልኝ ቁጥር «እንዳልከኝ አደርጋለሁ አጎቴ» ይለኝ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አሏህ ያውቃል።

ኮሌጁን ትቻለሁ፤ መጽሐፉን ግን ለብቻዬ ጨረስኩት። መጨረሻው ላይ ልጆቹ የተገደሉበት ሽማግሌ ንጉሥ የልጁን ሬሳ ሊለምን ወደ ጠላቱ ድንኳን ይሄዳል። አንድ አምላክ በጨለማ መርቶ ያደርሰዋል። ሽማግሌው ተንበርክኮ ልጆቹን የገደለበትን ሰው እጅ ይስማል። ከዚያ ሁለቱም አብረው ያለቅሳሉ።

እኔም ልምጣ? ድንጋይ ተሸክሜ እግርሽ ሥር ልውደቅ? መልስሽ ምንም ይሁን፣ መልሺልኝ።

ዓብዱልባሲጥ


መርሳ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለዓብዱልባሲጥ፣

መልእክትህ እንዳይከፈት ተፈርዶ ስለነበር ይዤው ሸህ ይማም ጋ ሄድኩ። «መጥቶ መውደቅ መብቱ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ና።

ትኬት ሳትቆርጥ ግን የሚሆነውን እወቅ፤ አታለለችኝ እንድትል አልፈልግም። ዋርካው ሥር ድንጋዩን ተሸክመህ ትወድቃለህ። ሰው ሁሉ ይኖራል፣ የከማልም ወገን። ሸህ ይማም ሦስት ጊዜ «አውፍ በይው፣ ይቅር በይው» ይሉኛል። ሦስቱንም ጊዜ «አላልኩም» እላለሁ። ድንጋዩን ከትከሻህ የሚያወርድልህ አይኖርም፤ የሚያወርደው ይቅር ባዩ ነውና። እንደተሸከምከው ተነሥተህ በመጣህበት ትመለሳለህ። ያን ቀን ማየት እፈልጋለሁ። ካሳዬ እሱ ነው።

በመጽሐፍህ ውስጥ የሄደው የሟቹ አባት ነው፤ ገዳዩ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የሚሄደው ገዳዩ ነው። የሚመራህም የለም፤ ከመናኸሪያው ማንም አይቀበልህም።

ይህን እያወቅህ ከመጣህ ና። ከቀረህም አይገርመኝም፤ እዚያ ከላይ ሆኖ ማየት ለምደሃል።

ቢልቂስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእታለም ቢልቂስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ሥራዬን ለቅቄ መጥቻለሁ። ይህን ወረቀት ቀድሞኝ ለሚወጣ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። የደሴውን አውቶቡስ ቆርጫለሁ፤ ቅዳሜ ገበያው ሳይበተን መርሳ እገባለሁ። ለሸህ ይማም ንገሪያቸው። ሰዎቹንም አስጠሪያቸው፣ ሁሉንም።

አውፍ እንደማትይኝ አውቃለሁ።

ዓብዱልባሲጥ